የሁለት ግብ ቁመት

ሹቢሞል ጋታክ የሃሩዳን ሞት የሰማው ዓሣ ሲመርጥ ነው። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በሚቆመው የጠዋት ገበያ፣ ከካሊ እናት መደብ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ የሁለት ፓብዳ ዓሣዎችን ስንጥብ ገለጥ እያደረገ ቅላታቸውን ያያል። ሴትዮዋ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ዛሬስ ለማን ልታሳይ ነው እንዲህ የምትመርጠው፣ ዳዳ?» አለችው። «ሃሩባቡ እኮ ጎህ ሲቀድ አለፉ።»

ሹቢሞል በእጁ የነበረውን ዓሣ መልሶ አኖረው። ከዚያ ምን ማድረግ እንዳለበት ስላልመጣለት እንደገና አነሣውና ሳይከራከር ከፈለ። ወደ ቤቱ ሲሄድ ከረጢቱን እንደ ልማዱ አፉን ከፈት አድርጎ ነበር የያዘው።

ሃሩዳ በሕይወት ሳለ ከገበያው መውጫ፣ ከኒም ዛፉ ሥር ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ሰላምታ ብሎ ነገር የለም። በጣቱ የሹቢሞልን ከረጢት ገለጥ አድርጎ ያያል፤ ቀጥሎ የራሱን ይከፍታል። «እኔ አልቀናሁም» ይላል፤ «ማወዳደር ብቻ ነው።» የሹቢሞል ዓሣ ትልቅ የሆነ ቀን ትልቅ ዓሣ ጣዕም እንደሌለው በሰፊው ይተነትናል። የእሱ ትልቅ የሆነ ቀን ግን ነገሩ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሁለት ሰፈርና አንድ ኳስ ባለበት ሁሉ አንድ ሃሩዳ አይጠፋም። ይህ ዓይነት ሰው ኳስ አያይም፤ ያመዛዝናል። ኳሷ መረብ ስትነካ ሌላው ሰው ዘሎ ይጮኻል፤ እሱ መረቡን ማን እንደገዛው ይጠይቃል። ተጫዋች ወድቆ ሲያቃስት ሌላው እግሩን ያያል፤ እሱ ጫማውን ያያል። የትኛው ክለብ ስንት ኳስ እንዳለው፣ ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ አየር እንደሚይዝ፣ የማን ሣር በማን ከብት እንደተጋጠ ጠንቅቆ ያውቃል። ስለ ቤቱ ወጪ ሚስቱን ብትጠይቁ ይሻላል።

የእኛው፣ ክቡር ሃራዳን ኩንዱ፣ የቢጆይ ስፖርቲንግ ክለብ የክብር ገንዘብ ያዥ፣ የዕቃ ቤት ኃላፊና የእረፍት ሰዓት ሎሚ ቆራጭ፣ ዕድሜውን በቃጫ ፋብሪካው ሚዛን ቤት የቃጫ ጥቅል ሲመዝን የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ፋብሪካው ሚዛኑን አስቀረ፤ ልማዱን ግን ይዞት ወጣ። ትልቁም ትንሹም «ሃሩዳ» ነበር የሚለው፤ ታላቅ ወንድማችን ለማለት። የሠፈሩ ሽማግሌዎችም ሳይቀሩ ታላቅ ወንድም አደረጉት፤ እሱም አልተቃወመም። ማዕረግ ነው፤ ይቆጠራል።

ሹቢሞል ደግሞ የተቃራኒው ክለብ የታሩን ሳንግሃ ጸሐፊ ነው። ከጣቢያው መንገድ ላይ ጃንጥላ የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችው። የዝናቡ ወራት ሲመጣ ኳስም ጃንጥላም አንድ ላይ ስለሚበላሽ፣ የሥራ ሰዓቱንና የክለቡን ሰዓት ለይቶ አያውቅም።

ሁለቱ ክለቦች የሚጫወቱት በወረዳው የመጨረሻ ምድብ ነው። ከዚያ በታች ሌላ ምድብ ስለሌለ ወርደው አያውቁም። ሃሩዳ ይህን ከኩራቶቹ አንዱ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ከወንዙ ዳር ያለውን ሜዳ በጋራ ይጠቀሙበታል፤ ግቦቹ ግን የጋራ አይደሉም። የምሥራቁ ግብ የታሩን ነው፤ ከውሃ ሥራ በተረፈ የብረት ቱቦ የተበየደ። የምዕራቡ የቢጆይ ነው፤ ሻል ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተጠረበ። ይህ ክፍፍል የተደረገው አባቶቻቸው ተጣልተው በነበረ ዘመን ነው ይባላል፤ በምን እንደተጣሉ የሚያስታውስ የለም። ሁሉም የሚያውቀው አንዱ ክለብ ያለ ሌላው ክለብ ግብ አንድ ጨዋታ እንኳ መጫወት እንደማይችል ነው።

ሃሩዳ ከዚህም ንጽጽር አወጣ። ከእረፍት በኋላ ጎን ሲቀየር ታሩኖች በምዕራቡ ግብ ጎል ካገቡ ዳር ቆሞ፣ «በእኛ እንጨት ነው ያገባችሁት» ይላል። የራሱ ቢጆዮች በምሥራቁ ሲያገቡ፣ «በዚያ ዝገት ውስጥ ማግባት እኮ ችሎታ ይጠይቃል» ይላል። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው ግን የምሥራቁ ግብ ቁመት ነበር። ብረቱ መሐሉ ላይ ወረድ ብሏል፣ አራት ጣት ያህል ያጥራል ባይ ነው። «ግብ ጠባቂያችሁ ረጅም አይደለም፣ ሹቢ» ይል ነበር፤ «ግባችሁ ነው አጭር።»

የገንዘቡ ንጽጽር ደግሞ ሌላ ጥበብ ነበር። አንድ ዓመት ታሩን የቢጆይን ግብ ጠባቂ ኒታይን በአንድ ብስክሌትና በዳቦ ቤት ሥራ ወሰደው። ሃሩዳ በሻይ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለተሰበሰበው ሰው አስረዳ። ገበያ ሄዶ የሚገዛ ማን ነው? የጎደለው! የሞላለት ሰው ይሸጣል። በሁለተኛው ዓመት ቢጆይ ያንኑ ኒታይን በሬዲዮና በአንዲት ፍየል መልሶ አመጣው። ሃሩዳ በዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ገበያ ሄዶ የሚገዛ ማን ነው? ያለው! ባዶ እጁን የሆነማ ይሸጣል። ሻይ አፍይው አምና የተባለውን ሊያስታውሰው ቢሞክር፣ አምና የሻይ ዋጋ ስንት እንደነበረ ጠይቆ አፉን አስያዘው።

ታሩን የልብስ ሳሙና ነጋዴ ደጋፊ አግኝቶ ማሊያው ላይ የሳሙናውን ስም ሲያሳትም፣ ሃሩዳ ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበና ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ገንዘብ ሌላ፣ ቁመና ሌላ» አለ። «በጭቃ የሚንከባለል ሰው ደረቱ ላይ ሳሙና ለጥፎ ማየት ደስ አይልም። እኔ አልቀናሁም።»

በማግስቱ ዓመት ቢጆይን የደገፈው የወንዶች የውስጥ ልብስ የሚሠራ ሰው ነበር። «ፋብሪካ ነው» አለ ሃሩዳ፤ «ነጋዴና ፋብሪካ አንድ አይደለም።» ተጫዋቾቹ ደረታቸውን በእጃቸው እየሸፈኑ ወደ ሜዳ ሲገቡ የሕዝቡ ሳቅ ወንዙን ተሻገረ። እሱ ዞር ብሎም አላየም።

ታሩን የጡብ ክፍል ነበረው፤ ቢጆይ የቆርቆሮ ክፍል፣ ግን ከጣሪያው የሚንጠለጠል ማራገቢያ ያለው። ጡብ ያፍናል፣ እኛ ነፋስ አለን ይል ነበር ሃሩዳ። መብራት የጠፋ ቀን ግን ሁለቱም ክለቦች እኩል ይሆናሉ። ሃሩዳ የመብራት መጥፋትን እንደዚያ አጥብቆ ይጠላ የነበረው ለዚህ ነው። ታሩን ደህና በነበረበት በአንዱ ዓመት ለእረፍት ሰዓት በሎሚ ፈንታ ብርቱካን ቆርጦ ቢያቀርብ፣ ሃሩዳ ሜዳውን አቋርጦ መጥቶ ከሳህኑ አንዱን አነሣ፤ በላው፤ ልጣጩን በኪሱ ከተተና፣ «ብርቱካን ለበሽተኛ ነው» ብሎ ተመለሰ። የእሱ ልጆች ሎሚያቸውን በጨው እየመጠጡ ፊታቸው ተጨማዶ ቀረ። ያን ቀን አሸነፉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሹቢሞል ቆሽቱ ያርር ነበር። መልስ የሚያገኘው ሁልጊዜ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ለሚስቱ ይነግራታል፤ እሷም ለሃሩዳ ንገረው ትለዋለች፤ በማግስቱ በኒሙ ዛፍ ሥር ከረጢቶቹ ሲከፈቱ ሌላ አዲስ ንጽጽር ተነሥቶ የትናንቱ ጊዜው ያልፍበታል።

በቦይሻክ መባቻ፣ በአዲስ ዓመት ጠዋት፣ በእኛ በኩል ያለ ክለብ ሁሉ የግቡን አግዳሚ ያስባርካል። አግዳሚው ይታጠባል፣ ሲንዱር የሚባል ቀይ ዱቄት ይቀባል፣ የቢጫ አበባ ጉንጉን ይንጠለጠልበታል። ካህኑ ተቀምጦ ስለ ክለቡ ስእለቱን የሚሸከመውን የባለ ቤቱን ስምና ጎትራውን፣ ማለትም የዘሩን ስም፣ ጠርቶ ይጸልያል፤ ኮኮናት ይሰበራል፣ ጣፋጭ ይታደላል። ይህ ሳይሆን ኳስ አይመታም። የሁለቱም ክለብ ካህን ቻክሮቦርቲ ሞሻይ ናቸው። በዚያው ቀን የከተማው ሱቅ ሁሉ ስለሚባረክ፣ ሽማግሌው ከሱቅ ሱቅ በብስክሌት ሲሮጡ ይውላሉ።

ያ ስሕተት የተፈጠረውም በዚህ ጥድፊያ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት ቻክሮቦርቲ ሞሻይ ላባቸው እየተንጠባጠበ ደርሰው፣ በምሥራቁ፣ በታሩን ግብ ሥር ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ጸሎቱን ያሳረጉት ግን በቢጆይ ስፖርቲንግ ክለብ፣ ጎትራው ካሻፕ በሆነው በባለ ቤቱም በሃራዳን ኩንዱ ስም ነበር። ሹቢሞል ነቅቶ አፉን ሲከፍት ኮኮናቱ ተሰበረ።

ይደገም ብሎ ጮኸ። ሃሩዳ እንቢ አለ። የተሰበረ ኮኮናት ገጥሞ የሚያመጣልኝ ካለ ይደገም አለ። ቻክሮቦርቲ ሞሻይም ሦስት ሱቅ ይጠብቃቸው ስለነበር ነገሩን ለአማልክቱ ትተው ብስክሌታቸው ላይ ወጡ።

በዚያ ዓመት ታሩን የወረዳውን ዋንጫ በላ። በታሪኩ ያገኘው ዋንጫ እሱ ብቻ ነው። ከበሮ እየተመታ ከተማው ሲዞር ከሰልፉ ፊት ማን ነበር? ክቡር ሃራዳን ኩንዱ፣ አንገታቸው ላይ የአበባ ጉንጉን አጥልቀው።

«ዋንጫው የናንተ ነው» አለው ሹቢሞልን፣ ትከሻውን ይዞ። «በረከቱ ግን በስሜ የተጠራ ነው። እኔ አልቀናሁም። ማወዳደር ብቻ ነው።»

ከዚያ ወዲህ በየአዲስ ዓመቱ፣ ሃሩዳና ሹቢሞል አብረው በሁለቱም ግብ ሥር ይቁሙና በረከቱ ወደየግቡ ይመለስ የሚል ሐሳብ ይነሣ ነበር። በየአዲስ ዓመቱም አንደኛው፣ «ለከርሞ እናስተካክለዋለን» ይላል። የሚገርመው፣ ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚናገረው ሹቢሞል ነበር።

ፋብሪካው በተዘጋበት ዓመት ታሩን አበቃለት። ተጫዋቾቹ ሥራ ፍለጋ ተበተኑ፤ አባላቱ መዋጮ አቆሙ። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሹቢሞል የጡቡን ክፍል ቁልፍ ለባለቤቱ ሊመልስ ኪሱ ከቶ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ሃሩዳ ጃንጥላ ታቅፎ መጣ። ይጠገንልኝ አለ። ከዚያ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ።

«ነገ በዓሉ የአንድ ግብ ነው አሉ» አለ። «መልካም ነው። ቻክሮቦርቲ ሞሻይም እፎይ ይላሉ። አንድ ኮኮናትም ይተርፋል።»

«ማነው ያለህ?»

«ያወራሉ። ጡቡን ክፍል እኔ ለኳስ ማስቀመጫ ልይዘው አስቤ ነበር፣ ግን ይጠብበናል።» ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ። «አየህ ሹቢ፣ እኔ እንኳ ልቀና አልችልም። ለመቅናትም እኮ አንድ ነገር ያስፈልጋል።»

ሃሩዳ ከሄደ በኋላ ሹቢሞል ሱቁን ዘግቶ ክለቡ እንዳይፈርስ ቤት ለቤት ዞረ። ለሰዎች የተናገረውን ንግግር ብዙዎች ዛሬም ያስታውሱታል፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ሲቆጣ አይተውት አያውቁም። በማግስቱ ጠዋት የምሥራቁ አግዳሚ ላይ የተንጠለጠለው የአበባ ጉንጉን ከምዕራቡ በእጥፍ ይወፍር ነበር። ሃሩዳ መጣና ውፍረቱን በስንዝሩ ለካ፤ ፊቱን አኮሳትሮ ተመለሰ። ሹቢሞል ከበዓሉ ሲመለስ ያን ጃንጥላ ከፈተው። አንድም የተሰበረ ዘንግ፣ አንድም የተቀደደ ጨርቅ የለውም። ሆን ብሎ ይሁን አይሁን ሹቢሞል አልጠየቀም። የጥገና ዋጋ ግን ተቀበለው።

አሁን ሃሩዳ የሞተው ከአዲስ ዓመት በፊት ባሉት የመጨረሻ ቀናት ነው። ወደ ወንዙ ዳር ማቃጠያ ሲወስዱት ቃሬዛውን በአንድ በኩል ቢጆዮች፣ በሌላው ታሩኖች ተሸከሙት። የታሩን ልጆች ረዘም ስለሚሉ ቃሬዛው ወደ ቢጆይ በኩል አዘነበለ። ሁሉም አይቶታል፤ ሁሉም ሃሩዳ ምን ይል እንደነበር ያውቃል። የተናገረ ግን የለም።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ሹቢሞልን የያዘው ጭንቀት ሌላ ነበር። በአዲሱ ዓመት መጀመሪያ ላይ የወረዳው የእግር ኳስ ማኅበር ሰው ይመጣል። ሜዳው ላይ የተባረኩ፣ የቆሙ ሁለት ግቦች ካየ ሜዳውን ይመዘግባል። ሜዳው ካልተመዘገበ ለአውቶቡስ ማቆሚያ እንደሚውል የከተማው አስተዳደር አምና ተናግሯል። ቢጆይ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ሃሩዳ ነበር። የቀሩት አባላት ጣፋጭ ሲታደል የሚመጡ፣ መዋጮ ሲጠየቅ ከተማ የሌሉ ናቸው። የእንጨቱ አግዳሚ በየበጋው እንደሚደረገው ዘይት እንዲጠጣ ወርዶ በሃሩዳ በረንዳ ላይ ተጋድሟል። ሐዘን ቤት ያለ ሰው ደግሞ ለሟቹ የሚደረገው የሽራድ ሥርዓት እስኪፈጸም ድረስ አምልኮ ነክ ነገር አይነካም፤ ልጁ ባለ ቤት ሆኖ ሊቆም አይችልም። የምዕራቡ ግብ ካልቆመ የምሥራቁም ከንቱ ነው። ሹቢሞል ዕድሜ ልኩን አብጠልጥሎት የኖረው እንጨት የክለቡ ነፍስ ሆኖ አረፈው።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ወደ ሃሩዳ ቤት ሄደ። የሃሩዳ ሚስት፣ እሱ ሁልጊዜ እንደ ታላቅ ወንድም ሚስት ቦውዲ የሚላት፣ በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀምጣለች። ነጭ ለብሳለች። አግዳሚው ከጎኗ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተጋድሟል፤ ግማሹ በዘይት ያብረቀርቃል፣ ግማሹ ደረቅ ነው። ልጅዋ ታፓስ ከዱርጋፑር መጥቷል፤ ያልተሰፋ የሐዘን ልብሱን አጣፍቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

ሹቢሞል ስለ አግዳሚው እንዴት እንደሚጀምር መንገድ ሙሉ ሲያስብ መጥቶ ነበር። ገና ከመቀመጡ ግን እሷ ጀመረች።

«ለእንጨቱ ነው የመጣኸው።»

«እንዴት እንደምልሽ ጨንቆኝ ነው እንጂ፣ ቦውዲ…»

«ውሰደው። ስንት ዓመት እግሬን ሲመታኝ ኖሯል።» ከዚያ ቀስ ብላ አየችው። «አንተን ሁልጊዜ ያናድድህ ነበር፣ አይደል?»

ሹቢሞል አልካደም።

«እዚህ ቤት ግን የናንተን ክለብ ያህል የተመሰገነ ነገር የለም» አለች። «የቢጆይ ልጆች በመጡ ቁጥር ይኸው ነው፤ የታሩንን የሜዳ አያያዝ እዩ፣ የታሩንን ማሊያ አስተጣጠብ እዩ፣ ሹቢ አንድ ኳስ ስንት ዓመት እንደሚያቆይ እዩ። እኔ ሩዝ ካሳረርኩ እንኳ የሹቢ ሚስት አታሳርርም ነው የሚለኝ።»

ታፓስ ከደጃፉ ሆኖ፣ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፈገግ አለ። ሹቢሞልን እንደ አጎት ካካ ነው የሚለው። «እኔማ የሹቢ ካካን ልጅ አላህልም እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ልጅዎ ሒሳብ ወድቆ የነበረ ጊዜ እንኳ ብነግረው አላመነኝም።»

ሹቢሞል አንገቱን ደፍቶ በዘይት የራሰውን እንጨት በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። እሱም ለራሱ ልጆች፣ ለራሱ ተጫዋቾች፣ «የሃሩዳን ክለብ አታዩም?» ሲል እንደኖረ፣ ማራገቢያውን፣ የሎሚውን አቆራረጥ፣ የእንጨቱን ቀጥ ማለት እየጠቀሰ ሲያሳፍራቸው እንደኖረ ለቦውዲ አልነገራትም።

ሊነሣ ሲል ቦውዲ ከግድግዳው ምስማር ላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለ የቃጫ ገመድ አውርዳ ሰጠችው። አንድ ቦታ ላይ ቋጠሮ አለበት። ግቡን ከማውረዱ በፊት ከመሬት እስከ አግዳሚው ለክቶ የቋጠረው ነው አለች። በአዲስ ዓመት ቀን የታሩንንም ግብ በዚሁ ገመድ ለክቼ የአራቱን ጣት ነገር እቋጨዋለሁ ሲል ነበር የሰነበተው።

በበዓሉ ዋዜማ ታሩኖች አግዳሚውን በትከሻቸው ወደ ሜዳው ወሰዱት። ያልተቀባውን ግማሹን ዘይት ሹቢሞል ራሱ ቀባው። ጠዋት ቻክሮቦርቲ ሞሻይ ደረሱ፤ አርጅተዋል፣ አሁን ብስክሌቱን የልጅ ልጃቸው ነው የሚነዳላቸው። ከሐዘን ቤት ለወጣው እንጨት ከተቀደሰው ወንዝ የመጣ የጋንጋ ውሃ ረጩለት፣ ሲንዱር ቀቡት። ከቢጆይም ለጣፋጩ ያህል ሰው መጥቶ ነበር። ቦውዲ ከወንዙ ግድብ ላይ፣ ራቅ ብላ፣ ጥላ ይዛ ቆማለች።

«ባለ ቤቱ ማን ነው?» አሉ ካህኑ።

ሁሉም ሰው የጫማውን አፍንጫ ተመለከተ።

«ሃራዳን ኩንዱ» አለ ሹቢሞል።

«ልጄ፣ የሄደ ሰው ስእለት አይሸከምም። በሕይወት ያለ ሰው ስም ስጠኝ።»

ሹቢሞል ጫማውን አውልቆ ከፊታቸው ተቀመጠ። «ሹቢሞል ጋታክ» አለ። «ጎትራዬ ሻንዲልያ።»

አንድ የቢጆይ ሰው ከኋላ አጉረመረመ፤ የታሩን ጸሐፊ በቢጆይ ግብ ላይ እንዴት ይጠራል፣ ነገ ያሸነፍነው ሁሉ በእኔ በረከት ነው ሊለን ነው እኮ አለ። ቻክሮቦርቲ ሞሻይ ዓይናቸውን ሳይገልጡ መለሱለት።

«በወዲያኛው ግብ የሃሩን ስም የጠራሁት እኔ ነኝ። ያን ዕለት የጮኸ ሰው ይኸኛው ነበር። አሁን ዝም ብሏል፤ አንተም ዝም በል።»

ኮኮናቱ ተሰበረ። ሹቢሞል ጣፋጩን ሲያድል ለቢጆዮች አስቀድሞ ሰጠ፤ ከዚያ የሁለቱን አግዳሚ ጉንጉኖች አሻግሮ አየና ሳያስበው፣ በልቡ፣ የትኛው እንደሚወፍር አመዛዘነ። የሚነግረው ሰው ዞር ብሎ ፈለገ።

የማኅበሩ ሰው በሳምንቱ መጣ። አዲስ የተመደበ፣ አገሩን የማያውቅ ወጣት ነው። ሁለቱን ግቦች አየ፣ ሜዳውን መዘገበ፣ ሻይ ቀረበለት። ብርጭቆውን ይዞ ለጨዋታ ያህል ከሁለቱ ክለቦች ትልቁ የትኛው እንደሆነ ሹቢሞልን ጠየቀው።

የታሩን ሳንግሃ ጸሐፊ ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው ኖሯል። ተቀናቃኝ በሌለበት፣ ምስክር በሌለበት፣ ከማኅበር የመጣ ሰው ፊት። ዋንጫው አለው፣ የጡቡ ክፍል አለው።

«ገንዘብ ሌላ ነው፣ ባቡ፤ ቁመና ሌላ» አለ ሹቢሞል። «ገና እያወዳደርን ነው።»

አሁንም ጠዋት ጠዋት ገበያ ይወጣል፤ ዓሣም ሲመርጥ ጊዜ ይወስዳል። የካሊ እናት ለማን እንደሚመርጥ መጠየቅ ትታለች። ገመዱ በጃንጥላ ሱቁ ውስጥ፣ ከበርጩማዋ በላይ ተሰቅሏል። የቢጆይ ግብ ቋጠሮ አለበት። የታሩን ግብ ግን እስካሁን አልተለካም።